መርሴን የሳተው ቁጥር፦ ከስድስቱ የፍጥረት ቀናት እስከ 2⁶⁷ − 1

መግቢያ

የስብከት ትምህርት በምሰጥበት ክፍል አንድ ተማሪ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ያዘጋጀውን ስብከት ሲያቀርብ፣ እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን የፈጠረው ስድስት ፍጹም ቁጥር ስለ ሆነ ነው አለ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ፍጹም ነው ያለው ማን ነው? መጽሐፍ ቅዱስ ነው ወይስ የሒሳብ ሊቃውንት?» ብላ ጠየቀችው። ተማሪው አሳቡን ከአንድ መጽሐፍ እንዳገኘው፣ ከዚያ በፊት ግን ከየት እንደ መጣ እንደማያውቅ ተናገረ። እኔም በዚያን ዕለት የሰጠኋት መልስ እኔን ራሴን አላረካኝም።

ጥያቄዋን ተከትዬ ስሄድ ከፍጥረት ቀናት ተነሥቼ አንድ ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ላይ ደረስኩ። ቁጥሩ 147,573,952,589,676,412,927 ነው። 2ን 67 ጊዜ በራሱ ስናባዛና ከውጤቱ 1 ስንቀንስ የምናገኘው ነው፤ በአጭሩ 2⁶⁷ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ቁጥር አንድ የተከበረ የሥነ መለኮት ሰው በ1644 ስሕተት የሆነ ነገር ጻፈ። ስሕተቱ መኖሩ የታወቀው ከ232 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ማንም ሰው በእርሳስና በወረቀት ሊያረጋግጠው በሚችል መንገድ የታየው ደግሞ በ1903 ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ስሕተትና የእርማቱን ታሪክ ነው። ታሪኩ በመድረክ ላይ ቁጥርንና ምሳሌን ለምንጠቀም አገልጋዮች ሁሉ የሚነግረን ነገር አለው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍጹም ቁጥር ምንድን ነው?

«ፍጹም ቁጥር» የሚለው ስያሜ የመጣው ከግሪክ ሒሳብ ነው። አንድ ቁጥር ፍጹም የሚባለው ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት፣ ከእርሱ የሚያንሱ ቁጥሮች ሲደመሩ መልሰው ራሱን ሲሰጡ ነው። 6ን የሚያካፍሉት 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ድምራቸውም 6 ነው። 28ን የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ናቸው፤ ድምራቸው 28 ነው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች እጅግ ጥቂት ናቸው። የጥንት ሰዎች የሚያውቋቸው አራቱን ብቻ ነበር፦ 6፣ 28፣ 496 እና 8128።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የኖረው ዩክሊድ እነዚህን ቁጥሮች የማግኛ መንገድ አሳይቷል። ከ1 ተነሥተን እጥፍ እጥፉን እንደምር፤ ድምሩ ብቸኛ ቁጥር በሆነ ጊዜ በመጨረሻው እጥፍ እናባዛው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እንደ ማለት። ለምሳሌ 1 + 2 = 3 ነው፤ 3 ብቸኛ ስለ ሆነ 3 × 2 = 6 ፍጹም ነው። 1 + 2 + 4 = 7 ነው፤ 7 × 4 = 28 ፍጹም ነው። 1 + 2 + 4 + 8 = 15 ግን 3 × 5 ስለ ሆነ ብቸኛ አይደለም፤ እናልፈዋለን። ቀጥሎ ያለው ድምር 31 ብቸኛ ነው፤ 31 × 16 = 496 ይሰጣል።

የእጥፎቹ ድምር ሁልጊዜ ከሚቀጥለው እጥፍ በ1 ያንሳል። 1 + 2 + 4 = 7 ነው፣ የሚቀጥለው እጥፍ 8 ነው። ስለዚህ ፍጹም ቁጥርን የሚፈልግ ሰው 2ን በተደጋጋሚ አባዝቶ 1 ሲቀንስ ከሚያገኛቸው ቁጥሮች ውስጥ ብቸኛ የሆኑት የትኞቹ እንደ ሆኑ ማወቅ አለበት። ከዚህ በታች የምናየው ታሪክ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

አባቶች ስለ ስድስት ምን አሉ?

ስድስትን ከፍጥረት ቀናት ጋር ካያያዙት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፊሎ ነው። በክርስቲያኖች ዘንድ ግን አሳቡን ያስፋፋው አውግስጢኖስ ነው። «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው ሥራው 11ኛ መጽሐፍ ምዕራፍ 30 ላይም፣ በዘፍጥረት ሐተታው ላይም ይህንን ያነሣል። የሐተታው አገላለጽ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ስድስት ፍጹም የሆነው እግዚአብሔር በስድስት ቀን ስለ ፈጠረ እንዳልሆነ፣ ፍጥረት ባይኖር እንኳ ስድስት ፍጹም ሆኖ ይኖር እንደ ነበር ያስረዳል። እንግዲህ የተማሪዬ ዐረፍተ ነገር ሥሩ ከዚህ ነው፤ በእጁ የገባው ግን የአውግስጢኖስን ማብራሪያ ሳይይዝ ነው።

ከአውግስጢኖስ በኋላ በ8ኛው መቶ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው መምህር አልኩዊን አሳቡን አንድ እርምጃ ወሰደው። የሰው ዘር ለሁለተኛ ጊዜ የጀመረው በኖኅ መርከብ ከነበሩት ስምንት ነፍሳት ነው፤ የስምንት አካፋዮች 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 እንጂ 8 አይሆኑም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጅማሬ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። 1 + 2 + 4 = 7 መሆኑ የማያከራክር ስሌት ነው። የኖኅ ዘመን ከአዳም ዘመን ያነሰ መሆኑን ስምንት ቁጥር ያመለክታል የሚለው ግን ትርጓሜ ነው። የስሌቱ እርግጠኝነት ወደ ትርጓሜው አይተላለፍም። በስብከት ግን ሁለቱ በአንድ ድምፅ ስለሚነገሩ ሰሚው አይለያቸውም።

ስሌቱ ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ አልተመረመረም። በ100 ዓ.ም. ገደማ የኖረው ኒቆማኮስ አራቱን ፍጹም ቁጥሮች ተመልክቶ፣ ባለ አንድ አሃዝ አንድ፣ ባለ ሁለት አሃዝ አንድ፣ እንዲህ እያለ ለየአሃዙ አንድ ፍጹም ቁጥር እንዳለ፣ መጨረሻቸውም 6 እና 8 እየተፈራረቀ እንደሚሄድ ጻፈ። ቦኤቲዩስ ወደ ላቲን አሻገረው፤ በምዕራቡ ዓለም ትምህርት ቤቶችም ለብዙ መቶ ዓመታት ተደገመ። ነገር ግን አምስተኛው ፍጹም ቁጥር 33,550,336 ነው፤ ባለ ስምንት አሃዝ ነው። ስድስተኛው 8,589,869,056 ሲሆን እንደ አምስተኛው በ6 ይጨርሳል። ሁለቱም የኒቆማኮስ አሳቦች ስሕተት ነበሩ።

ስቲፌልና ቦንጎ፦ ሁለት ወገን፣ አንድ ልማድ

የተሐድሶ ዘመን ሲመጣ የቁጥር ትርጓሜ የክርክር መሣሪያ ሆነ። ሚካኤል ስቲፌል መነኩሴ የነበረ፣ ኋላ ከሉተር ጋር የቆመ መጋቢ ነው። የጳጳሱን የዐሥረኛውን ሊዮ ስም በላቲን ጽፎ የቁጥር ዋጋ ያላቸውን ፊደላት ሰበሰበ፤ ድምሩ 1656 ሆነ። 1000 ዋጋ ያለው ፊደል «ምስጢር» ለሚለው የላቲን ቃል መነሻ ነው ብሎ ከድምሩ አወጣው፤ ከዚያም 10 ጨመረበት። ውጤቱ 666 ሆነ። በተቃራኒው ወገን የቆመው የቤርጋሞው ካህን ፒዬትሮ ቦንጎ ደግሞ ስለ ቁጥሮች ምስጢር በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ 666ን ከሉተር ስም አወጣ። ሁለቱም መደመርን ያውቁ ነበር። ሁለቱም ግን መድረስ የፈለጉበትን አስቀድመው ወስነው ነበር።

ስቲፌል በዚህ አላበቃም። የዓለም ፍጻሜ ጥቅምት 19 ቀን 1533 ከጠዋቱ በ8 ሰዓት (በአውሮፓውያን ሰዓት) እንደሚሆን አስልቶ ለምእመናኑ አስታወቀ። ሉተር አሳቡን እንዲተው መክሮት ነበር፤ አልሰማም። ሰዓቱ መጥቶ አለፈ። ስቲፌል ታሰረ፤ አጥቢያውንም አጣ። ወዳጆቹ ግን አልጣሉትም፤ ከጊዜ በኋላ ሌላ አጥቢያ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቀን መቁጠሩን ትቶ ወደ እውነተኛ ሒሳብ ዞረ። በ1544 የታተመውና ሜላንክቶን መቅድም የጻፈለት የሒሳብ መጽሐፉ በዘመኑ ካሉት ምርጥ ሥራዎች አንዱ ነው።

በዚያ መልካም መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ስቲፌል ስለ ፍጹም ቁጥሮች ተሳስቷል። 4 × 7፣ 16 × 31 እና 64 × 127 ፍጹም መሆናቸውን አይቶ፣ 256 × 511ም ፍጹም ነው፣ ሰንሰለቱም ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል አለ። 511 ግን 7 × 73 ነው። ለ7 ማካፈል ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የተሳሳተው ማካፈል ስላልቻለ አልነበረም። ሰንሰለቱ ስላማረው ሳይሞክር ቀጠለበት።

መነኩሴው መርሴንና ዝርዝሩ

ማሪን መርሴን በ1588 በፈረንሳይ ተወለደ። በ1611 ሚኒም ወደሚባለው የመነኮሳት ማኅበር ገባ፤ አብዛኛውን ዕድሜውን በፓሪስ ገዳሙ አሳለፈ። በ1623 በዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፎች ላይ ግዙፍ ሐተታ አሳተመ። ከዴካርት፣ ከፌርማ፣ ከጋሊሊዮና ከሌሎች ብዙ ሊቃውንት ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር፤ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ያስተላልፍ ስለ ነበር የእርሱ ክፍል የአውሮፓ ሊቃውንት መገናኛ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ ስለ ቁጥር አንድ ነገር ሲጽፍ የሚሰማው ብዙ ነበር።

በ1644 ባሳተመው የፊዚክስና የሒሳብ መጽሐፍ መቅድም ላይ የቦንጎን ዝርዝር መርምሮ፣ ቦንጎ ፍጹም ካላቸው ቁጥሮች ትክክል የሆኑት ስምንቱ ብቻ እንደ ሆኑ ገለጸ። በዚህ ትክክል ነበር። ከዚያ ግን የራሱን ዝርዝር ጨመረ። 2ን እስከ 257 ጊዜ ድረስ እያባዙ 1 ቢቀንሱ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው ብዜቱ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ጊዜ ሲሆን ብቻ ነው አለ። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ ከቦንጎ የተጣሩት ናቸው። 67፣ 127 እና 257 ግን አዲስ ነበሩ።

መርሴን ይህን በስሌት አላረጋገጠም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም ነበር። ባለ 15 ወይም ባለ 20 አሃዝ የሆነ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ ራሱ በዚያው ሥራው አምኗል። 2⁶⁷ − 1 ባለ 21 አሃዝ ነው፤ 2²⁵⁷ − 1 ደግሞ ባለ 78 አሃዝ ነው። የሌላውን ስሕተት በጥንቃቄ ያረመ ሰው ራሱ ሊመረምር የማይችለውን ነገር በእርግጠኛ ቃል ጻፈ። አንባቢዎቹም የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ስለ ነበር ሁለተኛውን አብረው ተቀበሉት። መርሴን ትክክል ቢሆን ኖሮ በዩክሊድ ደንብ መሠረት ከ2⁶⁷ − 1 አንድ ባለ 41 አሃዝ ፍጹም ቁጥር ይገኝ ነበር፤ የፍጥረት ቀናት ቁጥር የተባለው ስድስት ባለበት ረድፍ ይሰለፍ ነበር።

የሚመረምሩ ሲመጡ

ከመርሴን በኋላ ትልቁን እርምጃ የወሰደው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። የስዊስ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ እርሱም ለአገልግሎት እንዲዘጋጅ ታስቦ ነበር። በ1747 የመጽሐፍ ቅዱስን መገለጥ ከሚነቅፉት ለመከላከል መጽሐፍ ጽፏል። ኦይለር በ1772፣ ዓይኑ ከታወረ በኋላ፣ 2³¹ − 1 ማለትም 2,147,483,647 በእርግጥ ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። በዚህ የመርሴን ዝርዝር ትክክል ሆነ፤ ዝናውም ጨመረ።

በ1876 ግን ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካ አዲስ መመርመሪያ አገኘ። መመርመሪያው አንድን ቁጥር አካፋዮቹን ሳያገኝ ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ይለያል። በዚህ መንገድ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ፤ በዚህ መርሴን ልክ ነበር። 2⁶⁷ − 1 ግን ፈተናውን አላለፈም። ሆኖም አካፋዮቹ ምን እንደ ሆኑ ሉካ አያውቅም ነበር። ቁጥሩ ሊከፈል እንደሚችል ታወቀ፣ የሚከፍለው ግን አልተገኘም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሌላ እርማት ካልተጠበቀ ስፍራ መጣ። ኢቫን ፐርቩሺን በኡራል አካባቢ የሚኖር የሩስያ ኦርቶዶክስ የገጠር ቄስ ነበር። ከደብር አገልግሎቱ በሚተርፈው ጊዜ በቁጥሮች ላይ ይሠራ ነበር። በ1883 2⁶¹ − 1 ማለትም 2,305,843,009,213,693,951 ብቸኛ መሆኑን አረጋግጦ በሴንት ፒተርስበርግ ላለው የሳይንስ አካዳሚ አሳወቀ። ይህ ቁጥር በመርሴን ዝርዝር ውስጥ የለም። በዚያን ጊዜ አንዳንዶች መርሴን 61 ለማለት ፈልጎ አታሚው 67 አድርጎት ይሆናል ብለው ስሙን ለማዳን ሞከሩ። ሌሎች ስሕተቶች በተገኙ ጊዜ ግን ይህ መከላከያ አልበቃም።

ጥቅምት 1903፣ ኒው ዮርክ

ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰርና የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። በጥቅምት 1903 ማኅበሩ በኒው ዮርክ ባደረገው ስብሰባ ላይ የ2⁶⁷ − 1ን ሁለት አካፋዮች አቀረበ። ሥራውም በማኅበሩ መጽሔት ታተመ። ውጤቱ ይህ ነው፦

193,707,721 × 761,838,257,287 = 147,573,952,589,676,412,927

አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ራሱ ሊያባዛው ይችላል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። አካፋዮቹን ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ከፌርማ ዘመን ጀምሮ እንደሚታወቀው የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ134 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት፤ በተጨማሪም ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሊተርፈው ይገባል። ሁለቱን ማጣሪያዎች ተጠቅሞ ከትንሽ ወደ ትልቅ እየሞከረ የሚሄድ ሰው ትንሹ አካፋይ ላይ ለመድረስ ከ720 ሺህ በላይ ቁጥሮችን መሞከር ይኖርበታል። አንዱ ሙከራ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ከ500 ቀን በላይ ይወስዳል። ኮል ከካሬ ቁጥሮች ቀሪዎች የሚገኙ ተጨማሪ ማጣሪያዎችን በመጠቀም መንገዱን አሳጠረ። ያም ሆኖ ሥራው ረጅም ነበር። ለማግኘት ዓመታት የፈጀው ነገር ለማረጋገጥ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይበቃዋል። ኮል ለስብሰባው ያመጣው ማስረጃ ማንም በራሱ እጅ ሊፈትነው የሚችል ስለ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስለ 2⁶⁷ − 1 የተከራከረ የለም።

የቀሩት ስሕተቶችም ተከታትለው ወጡ። አሜሪካዊው ራልፍ ፓወርስ በ1911 2⁸⁹ − 1፣ በ1914 ደግሞ 2¹⁰⁷ − 1 ብቸኛ መሆናቸውን አሳየ። ዴሪክ ሌመር በ1927 2²⁵⁷ − 1 ብቸኛ እንዳልሆነ አሳተመ። በ1947 የመርሴን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ተፈትሾ አለቀ፤ ዝርዝሩ ከወጣ 303 ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለት የማይገባቸው ገብተዋል፤ ሦስት የሚገባቸው ቀርተዋል።

የሦስት ዓመት እሑዶች

ስለ ኮል ስብሰባ የሚነገር አንድ ታዋቂ ታሪክ አለ። ኮል ወደ ሰሌዳው ሄዶ ምንም ሳይናገር 2⁶⁷ን አስልቶ 1 ቀነሰ፤ ወደ ሌላው የሰሌዳ ክፍል ዞሮ ሁለቱን ቁጥሮች አባዛ፤ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ፤ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጠ፤ ተሰብሳቢውም አጨበጨበ ይባላል። ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደበት ሲጠየቅም የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ፈጀበት መለሰ ይባላል።

ይህን ታሪክ እኔ ራሴ በመድረክ ላይ ለብዙ ዓመታት ተናግሬዋለሁ። ስለ ትጋት ስሰብክ ይመቸኝ ነበር። ሳላስበው እየጨመርኩበትም ሄድኩ፤ ተሰብሳቢው ከመቀመጫው ተነሣ አልኩ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ አልኩ። አንድ ቀን ከአገልግሎት በኋላ አንድ ወጣት ቀርቦ፣ «መጋቢ፣ ታዲያ ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም ማለት ነው?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን መልስ አልነበረኝም። ታሪኩን ከየት እንዳገኘሁት እንኳ መናገር አልቻልኩም።

ቤቴ ገብቼ ስመረምር ያገኘሁት የሚከተለውን ነው። ታሪኩን በሰፊው ያሠራጨው የሒሳብ ሊቁና ጸሐፊው ኤሪክ ቴምፕል ቤል ሲሆን፣ የጻፈው በ1951 ነው። ስብሰባው ከተደረገ ወደ 48 ዓመት ሊሆነው ነበር። ቤል በ1903 በካሊፎርኒያ ተማሪ ስለ ነበር በስብሰባው ላይ አልነበረም። ስለ እሑዶቹ ኮልን የጠየቀው በ1911 እንደ ሆነ ይናገራል። ቤል ስለ ሒሳብ ሊቃውንት በጻፋቸው ታሪኮች ላይ ቀለም የመጨመር ልማድ እንደ ነበረው በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለ እሑዶቹ የተነገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከሥራው ክብደት ጋርም አይጋጭም። በእጃችን ያለው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ የተጻፈ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ከመቀመጫው የተነሣው ጉባኤና እንባው ደግሞ የእኔ ጭማሪ ነበሩ።

እነሆ፣ ስለ አንድ ቁጥር የነበረን ስሕተት እርማት የሚተርከውን ታሪክ እየተረክሁ እኔም መርሴን ያደረገውን አደረግሁ። የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ጋር በአንድ ድምፅ አቀረብኩ። ምእመናንም ስለሚያምኑኝ ተቀበሉኝ።

ለአገልጋዮች የሚሆን ትምህርት

ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰሎንቄ አማኞች ሁሉን እንዲፈትኑና መልካሙን እንዲይዙ ሲያዝዝ (1ተሰ. 5፥21) ስለ ትንቢት እየተናገረ ነበር። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት የጳውሎስን ስብከት እንኳ ከመጻሕፍት ስለ መረመሩ ነው (ሐዋ. 17፥11)። ምሳሌ 18፥17 ደግሞ ቀድሞ የተናገረ ሰው ትክክል መስሎ እንደሚታይና ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ እንዲሁ እንደሚቆይ ያሳየናል። ከዚህ ታሪክ ለአገልግሎታችን ሦስት ነገሮችን እንውሰድ።

አንደኛ፣ ስሌትን ከትርጓሜ እንለይ። አውግስጢኖስ በዮሐንስ 21 ላይ የተጠቀሱት 153 ዓሦች ከ1 እስከ 17 ያሉት ቁጥሮች ድምር መሆናቸውን አስተውሏል፤ ትክክል ነው። 17ን ግን ዐሥርቱ ትእዛዛትና ሰባቱ የመንፈስ ስጦታዎች አድርጎ መፍታቱ ትርጓሜ ነው። 666ም ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች ድምር ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ የአንድን ሰው ስም ማውጣት ግን ስቲፌልና ቦንጎ የሄዱበት መንገድ ነው። ቁጥሩ ሲገጥም የሚሰማን ደስታ አሳባችን እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ዘመናትንና ወራትን በተመለከተም ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው መልስ (ሐዋ. 1፥7) ስቲፌልን ከውርደት ባዳነው ነበር።

ሁለተኛ፣ ምእመናን ሊፈትኑት የሚችሉትን ማስረጃ እንስጥ። ምሳሌ ስንናገር ማን እንደ ጻፈውና መቼ እንደ ተጻፈ እንወቅ፤ ያልተረጋገጠ ከሆነ «እንዲህ ይባላል» እንበል። እንዲህ በማለታችን ስብከታችን አይደክምም። ትንሹን ነገር በታማኝነት እንደምንናገር ያየ ሰሚ፣ ስለ መስቀሉና ስለ ትንሣኤው ስንናገርም ያምነናል። በሚዛን ስለ ማታለል የተሰጠው ትእዛዝ (ዘዳ. 25፥13-15) ገበያውን ብቻ የሚመለከት አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ ስሕተት የተገኘበትን ሰው አንጣል፤ ስሕተታችንንም አንደብቅ። ስቲፌል ወዳጆቹ ስላልጣሉት ሁለተኛ ዕድል አግኝቶ መልካም ሥራ ሠራ። መርሴንም እስከ 257 ካሉት 55 ብቸኛ ቁጥሮች የተሳሳተው በአምስቱ ነው። ዛሬም እነዚህ ቁጥሮች በስሙ «የመርሴን ቁጥሮች» ይባላሉ። በ2024 በኮምፒውተር የተገኘው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር የዚሁ ዓይነት ሲሆን 41,024,320 አሃዞች አሉት። እርማቱ መርሴን የጠየቀውን ጥያቄ ወደፊት ወሰደው እንጂ ስሙን አላጠፋውም።

ማጠቃለያ

ለዚያች ተማሪ ዛሬ እንዲህ ብዬ እመልስላት ነበር። ስድስትን ፍጹም ያሉት የግሪክ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው፤ ቃሉም በሒሳብ ውስጥ የተወሰነ ትርጉም አለው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ስድስቱ ቀናት የሚናገረው የሥራቸውን መልካምነት ነው፤ ስለ ቁጥሩ ፍጹምነት አንድም ቃል አይናገርም። አውግስጢኖስ ሁለቱን ያገናኘው አመስግኖና ተጠንቅቆ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ምስጋናውን ይዘው ጥንቃቄውን ተዉት።

ያ ወጣትም መልስ ይገባዋል። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያች አጥቢያ ስሰብክ ታሪኩን ደግሜ አነሣሁት። የትኛው ክፍል በማኅበሩ መጽሔት እንደ ታተመ፣ የትኛው ከቤል እንደ መጣ፣ የትኛውን እኔ እንደ ጨመርኩት ለምእመናን ነገርኳቸው። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ የፈለገ ቤቱ ወስዶ እንዲያባዛቸው ጋበዝኩ። በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ወጣቶች ሠርተው መጡ። ውጤታቸው እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ አንድ ነበር።